ጉልቻ ለባለሙያዋ ወይስ ባለሙያዋ ለጉልቻ?



አባቶቻችንና እናቶቻችን «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ወጡን የሚያጣፍጠው የባለሙያዋ እጅ ነው። ይሁን እንጂ እጇ የደከመ፣ ዓይኗ የፈዘዘ ወይም እግሯ አልታዘዝ ያላት ባለሙያ፣ ጉልቻው ካልተስማማት ወጡን ጨርሶ ልትሠራው አትችልም። ስለዚህ በዚህ እትም ከወጥ ቤት ታሪክ ጥቂቱን እያነሣን፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ወገኖቻችን የሚስማማ ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥ እንነጋገራለን።

ጉዳዩ በሻዓራይምም ሆነ በሌሎች የሬሖቮት ሰፈሮች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በብዙ ቤት እናት ወይም አያት ስትታመም መጀመሪያ ከእጇ የሚወሰደው ማማሰያዋ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ዕረፊ፤ እኛ እንሠራዋለን» ይባላል። ነገሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ዕብራይስጡ ለከበዳት፣ ሥራ ለሌላት፣ ጎረቤቶቿን በቋንቋቸው ማነጋገር ለማትችል እናት፣ ወጥ ቤቷ ሰው የምትባልበት፣ የምትጠየቅበትና የምትመሰገንበት ቦታ ነው። ከዚያ ስትወጣ የምታጣው ብዙ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እሳት ምድር ላይ በነበረ ጊዜ

በጎንደርና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ወንዶች በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶች ደግሞ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ እስከ ዛሬ ስሟ ከሸክላ ጋር ይነሣል። ድስቱን፣ ጀበናውን፣ እንስራውንና ምጣዱን የምትሠራው ሴት ራሷም በእነዚሁ ዕቃዎች ታበስል ነበርና፣ ዕቃው ለእጅ መመቸቱን ወይም አለመመቸቱን ከማንም በፊት የምታውቀው እርሷ ነበረች። ሠሪዋና ተጠቃሚዋ አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

እሳቱም ምድር ላይ ነበር። ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ፣ ምጣዱ ይጣዳል፤ ባለሙያዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሻለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ሲበስልም እንጀራውን በሰፌድ ታወጣለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ መቆም የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እግሯ የታመመ ሴት ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ቢያቅታትም፣ ልጆችና ጎረቤቶች ውሃውንና እንጨቱን ካቀረቡላት፣ ምጣዷ ዘንድ ተቀምጣ ቤተሰቧን ልታበላ ትችል ነበር።

ይህን ስንል ያ ዘመን ችግር አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ መፍጨት ወገብና ጉልበት ይጎዳል። ጢሱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በአማራ ክልል ከሌሎች የኢትዮጵያ ክልሎች ይልቅ ጸንቶ የቆየ ሲሆን፣ ብዙ እናቶችን ብርሃን ነሥቷል። ማየት ለተሳናት ሴት ወይም የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ ያልተከለለ ነበልባል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ፣ ጠባሳቸውን ያየን እናውቃለን። የድሮው ጉልቻ እንግዲህ ለእግር የተመቸ፣ ለዓይንና ለቆዳ ግን ጠላት ነበር።

ምጣዱ ሲለወጥ

ለውጡ የጀመረው እዚያው አገር ቤት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የኤሌክትሪክ ምጣድ ተስፋፋ። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም፤ የሸክላው ምጣድ ከሥሩ የተጠማዘዘ ቦይ ይወጣለትና በቦዩ ውስጥ የሚግል ሽቦ ይዘረጋበታል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ኃይል ይፈጃል። ለገጠሩና ለከተማው ድሃ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ወጣ። ይህ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው እንጨት ይቆጥባል፤ ነበልባሉም እንደ ጉልቻው ወደ ቀሚስ አይዘልም።

በኤሌክትሪኩ ምጣድ ጢሱም ነበልባሉም ቀረ። ይህ ለዓይን ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ምጣዱ በእግር ላይ ቆመ ወይም ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ተቀምጣ ትጋግር የነበረችውም ሴት መቆም ግድ ሆነባት። አንድ ዕቃ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላውን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከእኛ በፊት ወደ ሻዓራይም የመጡት

ይህን ዓይነት ለውጥ ያዩት የእኛ እናቶች ብቻ አይደሉም። ሬሖቮት የተቆረቆረችው በ1890 ሲሆን፣ ከ1900ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የየመን አይሁዶች ወደዚህ መጥተው በወይንና በፍራፍሬ እርሻዎች በጉልበት ሥራ ተሰማሩ። በ1910ሮቹ መጀመሪያም ሻዓራይም የእነርሱ ሰፈር ሆነ። በ1949 እና በ1950 ደግሞ ወደ 50,000 የሚጠጉ የየመን አይሁዶች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ።

የየመን ሴቶች ዳቦ የሚጋግሩት ታኑር በሚባል የሸክላ ምድጃ ነበር። ሊጡን በእጅ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ እየለጠፉ ስለሚጋግሩ፣ መጎንበስና ክንድን ወደ ወላፈን ማስገባት የግድ ነው። እንጀራችንን የሚመስል፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚጋገርና ዓይን የሚያወጣ ላሁህ የሚባል ምግብም አላቸው። ዛሬ በብዙ ቤት ላሁህ የማይዝ መጥበሻ ላይ ይጋገራል፤ ጃሕኑን የሚባለውም የሰንበት ምግባቸው ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሙቀት ይበስላል። ታኑሩ ከብዙ ቤት ቢጠፋም ላሁሁና ጃሕኑኑ አልጠፉም። እንጀራና ዶሮ ወጥም ምድጃው ስለተለወጠ እንደማይጠፉ ከጎረቤቶቻችን ማየት እንችላለን።

እኛ ስንመጣ

በኅዳር 1984 ጀምሮ በጥር 1985 ባበቃው የሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል የመጡ፣ እንዲሁም በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ምጣዳቸውን ይዘው አልመጡም። በተሰጣቸው ቤት ያገኙት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ከወለሉ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ምድጃው ከዚያ ላይ የተቀመጠ፣ መደርደሪያው ደግሞ ከራስ በላይ የተሰቀለ ነበር። ያ ወጥ ቤት የተለካው ቆሞ ለሚሠራ፣ ክንዱ ለሚደርስ፣ ቁልፍ ላይ ያለውን ምልክት ለሚያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ በአገር ቤት ሰው የማይታዘባት፣ ተቀምጣ የምትጋግር አንዲት እናት፣ እዚህ እግሯ ሳይብስባት «መሥራት የማትችል» ተባለች። የተለወጠው የእሳቱ ቁመት ነበር። ይህን ማስተዋል ይገባል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በሰውነቷ ብቻ ነው ብለን ካሰብን መፍትሔው ማስተኛት ይሆናል፤ ጉዳቱ በሰውነቷና በዕቃው መካከል እንደሆነ ካወቅን ግን ዕቃውን መለወጥ እንችላለን።

ሌላው አዲስ ነገር ፕላታ ነው። በአገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ የሰንበት ምግብም ያለ እሳት ይበላ ነበር። እዚህ ግን ዓርብ ተሰክቶ ሰንበቱን ሙሉ የሚሞቀውን ፕላታ አገኘን። ፕላታ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ ባይሠራም ብዙ ጥቅም አለው፤ የሚጠመዘዝ ቁልፍ የለውም፣ ነበልባል የለውም፣ ድስቱን ሳያነሡ ማንሸራተት ይቻላል። አደጋው ደግሞ መጋሉን በዓይን አለማስታወቁ ነው። ከመጣን ወዲህ በማኅበረሰባችን የስኳር በሽታ እጅግ መብዛቱን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ በሽታ ሲቆይ የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ መቃጠሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ፕላታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ገባ ብሎ፣ ከግድግዳ በኩል ይቀመጥ፤ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንትም አጠገቡ ይሰቀል።

በሌላው ዓለም ምን ተደረገ?

ወጥ ቤት ለሠራተኛዋ ይለካ የሚለው ሐሳብ በሌላው ዓለምም ታግለው ያመጡት ነው። አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ሊሊያን ጊልብረዝ (ከ1878 እስከ 1972) የ12 ልጆች እናት ነበረች። ባሏ በ1924 ከሞተ በኋላ የወጥ ቤት ሥራን ማጥናት ጀመረች። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ስትሠራ ከ4,000 በላይ ሴቶችን ጠይቃ የምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ተገቢ ቁመት ምን መሆን እንዳለበት መረመረች። በ1940ዎቹ መጨረሻም የልብ ሕመምና የአካል ጉዳት ላለባቸው ሴቶች ተቀምጠው የሚሠሩበት፣ እርምጃ የሚቀንስ ወጥ ቤት በማቀድ ተካፈለች። የእኛ አያቶች በበርጩማ የሚያደርጉትን የአሜሪካ ሊቃውንት በጥናት ደረሱበት ማለት ይቻላል።

በጃፓን በ1955 ቶሺባ ኩባንያ ሩዝ ሲበስል ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ድስት ለገበያ አቀረበ። አንዲት ማብሪያ ወደ ታች መጫን ብቻ በቂ ነው። ይህ ዕቃ ለሁሉም ቤት ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ ለሚረሳና ለሚደክም ሰው ከሁሉ በላይ ጠቀመ። በ1985 ደግሞ በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው አሜሪካዊ አርክቴክት ሮናልድ ሜስ፣ ዕቃም ሆነ ቤት ከመጀመሪያው ለሁሉም ሰው እንዲመች ሆኖ ይሠራ ብሎ አስተማረ። በ1990 ሳም ፋርበር የተባለ ነጋዴ፣ ሚስቱ ቤትሲ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የድንች መላጫ መያዝ ሲያስቸግራት አይቶ፣ ወፍራምና የማያንሸራትት የላስቲክ እጀታ ያላቸውን የኦክሶ ዕቃዎች አወጣ። ዕቃዎቹን እጃቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎችም ወደዷቸው። ለደካማ እጅ የተመቸ ለብርቱ እጅ አይከፋምና።

እንዴት እንምረጥ?

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምክር፣ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የምትሠራበትን ሰው እንጠይቅ የሚል ነው። የሚቻል ከሆነ እርሷው ሱቅ ድረስ ትሂድ፤ በገዛ እጇ ትክፈተው፣ ትዝጋው፣ ታንሣው። «ምን ያስቸግርሻል?» የሚለው ጥያቄ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ከሚለው ይቀድማል።

አንደኛ፣ እጇ የደከመ ወይም በአንድ እጇ ብቻ የምትሠራ ከሆነች፣ ዕቃው በተጨበጠ ጡጫ ወይም በክርን ሊከፈት ይችል እንደሆነ ይሞከር። የሽንኩርት መፍጫ ማሽን ሲገዛ ክዳኑ ሁለት እጅ እንዳይጠይቅ ይታይ፤ ከላይ በመዳፍ ሲጫኑት ብቻ የሚፈጨው ይሻላል። ወጣችን ብዙ ሽንኩርት ይፈልጋልና በዚህ የሚቀንሰው ድካም ብዙ ነው። ሽንኩርቱን ሰክቶ የሚይዝ ሚስማር ያለው መክተፊያ፣ ከሥሩ የሚንሸራተት እንዳይሆን የላስቲክ እግር ያለው ሳህን፣ ከመደርደሪያ ሥር የሚገጠም የጠርሙስ መክፈቻም አለ። ውሃ የሚያፈላው ዕቃ ሳይነሣ እንዲያፈስ የሚያዘነብል ማስቀመጫም ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ዓይኗ ለደከመ ወይም ማየት ለተሳናት፣ የመስታወት ፊት ያለውና በንክኪ ብቻ የሚሠራ ምድጃ ምንም ቢያምር አይበጅም፤ ጣት ምንም አያገኝበትምና። ሲዞር «ቀጭ» የሚል፣ የቆመበት ቦታ በእጅ የሚታወቅ ቁልፍ ይመረጥ። «ጠፍቷል» እና «መካከለኛ» በሚሉት ቦታዎች ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ቢለጠፍ ወይም የጥፍር ቀለም ደጋግሞ ቢንጠባጠብ ጣት ያነበዋል። ኩባያ ሊሞላ ሲል የሚጮህ ትንሽ መሣሪያና ድምፅ የሚያሰማ ሚዛንም አለ።

ሦስተኛ፣ መቆም ለምትቸገር ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለምትሄድ፣ እሳቱን ወደ ቁመቷ እናውርደው። ጉልበቷ ከሥሩ የሚገባበት፣ የማይነቃነቅ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀመጥ ወጥ ቤቱን በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም። ሽሮው፣ በርበሬውና ቅመሙ ከራስ በላይ ካለው መደርደሪያ ይውረዱ። ባዶ ድስት ሲነሣ የሚከብድ ከሆነ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ይታሰብ።

አራተኛ፣ የሚረሳ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ራሱን የሚያጠፋ ዕቃ ይመረጥ። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ የሚያግለው ድስቱን ስለሆነ ነበልባል የለውም፤ ድስቱ ሲነሣም ማጋሉን ያቆማል። ነገር ግን ማግኔት የሚስበው የብረት ድስት እንጂ የሸክላ ድስት አይሠራበትም፤ ልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለለት ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። በእስራኤል የተለመደው የቤት ሶኬት 16 አምፔር ሲሆን፣ በ230 ቮልት 3,680 ዋት ያህል ነው የሚችለው። ትልቁ ምጣድ ይህን ሊያልፍ ስለሚችል በማራዘሚያ ገመድ ፈጽሞ አይሰካ፤ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ መስመሩን ይመልከት። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ፊትን እንዳይመታ ከወዲያ ማዶ በኩል ቀድሞ ይከፈት። ሊጡ በቀላል እጀታ ባለው ማንቆርቆሪያ ይፍሰስ፤ ሰፌዱም ከምጣዱ እኩል ከፍታ ባለው ቦታ ይቀመጥ፣ እንጀራው ይንሸራተት እንጂ አይነሣ። ትልቁ ምጣድ ከከበደ ትንሹ ነውር የለውም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በአዮዋ ግዛት ለኖርዌይ ቂጣ ተብሎ በሚሠራ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው እንጀራቸውን የሚያወጡት። እንጀራው ቢያንስም እንጀራ ነው።

ወዴት እንጠይቅ?

በኩፓት ሆሊም በኩል «ሪፑይ ቤኢሱክ» በሚባለው ሙያ የሚሠራ ባለሙያ አለ። ሥራው ሰው በጉዳቱ ላይ ሆኖ የዕለት ሥራውን የሚሠራበትን መንገድ መፈለግ ነው፤ ወደ እርሱ የሚያደርስ ሪፈራል የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወጥ ቤቱንና እንጀራ መጋገሩን ሳትነግሩት አይወቅምና፣ ምጣዱ ምን እንደሆነ በግልጽ አስረዱት፤ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ብታሳዩትም መልካም ነው። በ1976 በኢየሩሳሌም የተመሠረተው ያድ ሳራ ተሽከርካሪ ወንበርና ሌሎች መርጃዎችን በማስያዣ ያውሳል። በ1981 የተቋቋመውና በቴል ሃሾሜር የሚገኘው ሚልባት ደግሞ በሱቅ የማይገኝ መሣሪያ ለአንድ ሰው ተለክቶ እንዲሠራ በፈቃደኛ መሐንዲሶች ይረዳል። በእስራኤል በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግም እንዲህ ያለውን እርዳታ መጠየቅ ልመና እንዳልሆነ ያስገነዝበናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ቅጹን መሙላት፣ በስልክ መጠየቅና ዕቃውን መግጠም የእናንተ ድርሻ ይሁን። ማማሰያውን ግን ከእጇ አትውሰዱ። እርሾው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ አብሲቱ መቼ እንደሚጣል፣ በርበሬው ሲበቃው ምን ምን እንደሚሸት የምታውቀው እርሷ ናት፤ ይህም በመጽሐፍ ሳይሆን ከጎኗ ቆሞ በማየት የሚወረስ ነው። ጉልቻው ቢቀየር ወጡ አይበላሽም፤ እጇ ከወጥ ቤቱ ከወጣ ግን የሚተካው የለም።